የውኃ ልክ

ሥራዬ ንባብ ነው፤ መጽሐፍ ግን አልገልጥም፤
ሐይቅ ውስጥ የቆመው ብረት ከሚለኝ በቀር ሌላ አላዳምጥም።
ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አሥራ አንድ ላይ
ጎንበስ ብዬ ሳይ
ውኃው የነካውን ቁጥር በደብተሬ አሰፍራለሁ፤
ወር ሲሞላ ገልብጬ ለቢሮ እልካለሁ።
ማን እንደሚያነበው ጠይቄ አላውቅም፤
ማንም አያነበው ይሆናል፤ እሱንም አላውቅም።

እሑድ ነበር፣ አሞራ ገደል፤
ፀሐይ ውኃው ላይ ስትንከባለል፣
አባ ኮዳዎቹ አንገት ሰብረው
እንደ ዕድር ዳኞች ተደርድረው
የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ
ሁለት ሰዎች ተናነቁ።
በእጅ አይደለም፤ በነገር ነው፤
ነገሩም ሩቅ፣ ማናችንም ያላየነው።

መምህር ላንቃሞ አለ፦ «ዋልታ ላይ ያለው በረዶ
ይኸው ይቀልጣል፣ ተራራ የሚያህል ግግር ተንዶ፤
ባሕሩ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እያበጠ
ስንቱን ደሴት፣ ስንቱን ወደብ ከዳር ከዳሩ ቆረጠ።»

በራሶ ጀልበኛው ሳቀ፤ «አይ መምህር!
ምን አገናኘን እኛን ከባሕር?
መውጫ የሌለው ሐይቅ፣ ከማንም የማይዛመድ፤
ሰማይ ጥግ ተቀምጠን ለቆላ እንዴት እንፍረድ?
ደግሞ እይ!» አለና ብርጭቆውን አነሣ፣
እስከ አፉ የሞላ፣ በረዶ የተንሳፈፈበት ለስላሳ፤
«ከመጣ ጀምሮ ዐይኔን አልነቀልኩም፣
በረዶው ቀልጦ አለቀ፤ ጠብታ ግን አልፈሰሰም።
የታለ የሞላው? የታለ የፈሰሰው?
የሌለ ጎርፍ አምጥተህ ሰው አታስለቅሰው!»

ዙሪያው ሳቀ፤ አንዱ አባ ኮዳ ክንፉን ዘረጋ፤
የመምህሩ መልስ ጉሮሮው ላይ ረጋ።
ሃያ ዓመት ያስተማረውን አንድ ብርጭቆ ረታው፤
እኔም በሆዴ ፈረድኩ፦ በራሶ ነው ጌታው።

ቢላዋዋን በሽርጧ ጠርጋ ዳመነች ተነሣች፣
ዓሣ ስትገፍ ያረፈደች፤
ከሣጥኗ ጡብ የሚያህል በረዶ አወጣች።
እስከ አፉ በሞላ ሳፋ ላይ ጣውላ አጋድማ
በረዶውን ከላይ ጫነች፤ ተመለሰች ወደ ዓሣዋ፣ ማንንም ሳትሰማ።

ጠብ።

ጠብ።

ውኃው ጠርዙ ላይ እንደ እንባ ተንጠልጥሎ ቆየ፤
ከዚያ ወረደ፤ ሁሉም አየ።
አሸዋው ላይ መንገድ አበጅቶ የበራሶን ጫማ ነካው፤
እሱም እግሩን ሰበሰበ፤ ዐይኑ ርቀቱን ለካው።

ዳመነች ቀና ሳትል፦
«ውኃው ላይ የዋኘው ቦታውን ይዞ ነው የቀለጠ፤
የሚያጥለቀልቀው ከደረቅ የመጣው ነው፣ ዳር ላይ የተቀመጠ።
ይሄን ለማወቅ ትምህርት ቤት አልሄድኩ፤ ዓሣ ነው የሸጥኩ፤
ስንት ቀን ሳፋዬ ሞልቶ ቀሚሴን አራስኩ።»

በራሶ ግን ጀልበኛ ነው፣ በሳፋ አይሸነፍም፦
«እሺ፣ ባሕሩ ይሙላ፤ የእኛው ሐይቅስ ለምን ዳሩን አያከብርም?
ደጃፌ የነበረው ዋርካ እስከ ጉልበቱ ውኃ ገብቷል፤
ይሄንንም ዋልታ አመጣው? ወይስ እዚሁ ሰው ሠርቶታል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደብተር ያዥ ነኝ እኔ።
«እንጃ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየ ዐይኔ።
«ብረቱ ስንት እንጂ ለምን አይለኝም።
ጥቁር ውኃ ግን በክረምት ቀይ ሆኖ ሲገባ አያለሁ፣
የዳገቱን አፈር ተሸክሞ፤ እሱንም ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ እጽፋለሁ፤
ባይጠይቁኝም።»

አሥራ አንድ ሲሆን ክርክሩን ትቼ ወደ ብረቱ ወረድኩ፤
ሱሪዬን እስከ ጉልበት ጠቀለልኩ።
የታችኞቹን ቁጥሮች ድሮ እኔ ነበርኩ የማነባቸው፤
አሁን ተራው የቆሮሶ ነው፤ ዓሣ ነው የሚደግማቸው።

ከኋላዬ ውኃው ተንቦጫረቀ። በራሶ ነው፣ ብቻውን።
«እስቲ አንብብልኝ» አለ፤ አነበብኩለት የዛሬውን።
ብረቱን በእጁ ይዞ ቆየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገና
«የትናንቱስ?» አለ።

ደብተሬን ገለጥኩ።